ሁለተኛ ቤት ገዝቶ ማከራየት፦ ወሩ ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ስንት ነው?



በአፉላ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሰርግም ሆነ በለቅሶ ቤት ሲገናኙ አዘውትረው ከሚያነሷቸው ወሬዎች አንዱ የቤት ጉዳይ ሆኗል። «እገሌ ሁለተኛ ቤት ገዛ፤ ማሽካንታውን ተከራዩ ይከፍልለታል» ይባላል። ይህን የሰሙ ባልና ሚስት «እኛስ ለምን እንቀራለን?» ብለው ወደ ደላላው ይሄዳሉ። ደላላውም ወረቀት አውጥቶ የኪራዩን ገቢ ባንድ በኩል፣ የባንኩን ክፍያ በሌላ በኩል ጽፎ ያሳያቸዋል። ሁለቱ ቁጥሮች የተቀራረቡ ስለሚመስሉ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።

ይህ ጽሑፍ ቤት አትግዙ ለማለት የቀረበ አይደለም። ቤት ገዝተው በማከራየት የተጠቀሙ ወገኖች አሉ። ነገር ግን በደላላው ወረቀት ላይ የማይጻፉ ወጪዎችና አደጋዎች ስላሉ፣ ገና ከመርካዝ ክሊታ የወጣችሁም ሆነ ለመውጣት የምትዘጋጁ ቤተሰቦች ሂሳቡን ራሳችሁ መሥራት እንድትችሉ ደረጃ በደረጃ እናስረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልን ወይም ዓመቱን ብቻ ከጠቀስን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ቤት ለእኛ ምን ማለት ነው?

ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ለብዙ ዘመን የርስት መብት አልነበራቸውም። የሌላውን መሬት እያረሱ ከምርቱ ለባለርስቱ ይሰጡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህ የጭሰኝነት ሥርዓት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት በላይ ያለው ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከፍ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ቤት እያከራየ ይተዳደር የነበረ ሰው በአንድ ቀን ገቢውን አጣ። ዛሬም አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ሁለተኛ ቤት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል ነው።

እዚህ አገር የሚያሰጋው የአዋጅ መውረስ አይደለም። በታቡ (በመሬት መዝገብ) በስማችሁ የተመዘገበ ቤት በሕግ የተጠበቀ ነው። እዚህ ቤት የሚወስደው ዕዳ ነው። ስለዚህ የአባቶቻችንን ፍርሃት ሳንንቅ ፊቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ ማዞር ያስፈልጋል።

በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ሲገቡ ብዙዎቹ በሆቴልና በካራቫን ሰፈሮች ቆዩ። በ1993 መንግሥት ልዩ የማሽካንታ እቅድ አወጣ፤ ከገንዘቡ አብዛኛው እጅ የማይመለስ ስጦታ፣ የቀረው ብድር ነበር። በዚያ እቅድ የተገዙት ቤቶች ለብዙ ቤተሰቦች በትውልዳቸው የመጀመሪያ የሆነውን የራስ ቤት አስገኙ። እነዚያ ቤቶች ዛሬ ዕዳቸው እያለቀ ወይም አልቆ ይገኛል። በአሁኑ ጊዜ ለሁለተኛ ቤት መግዣ በመያዣነት እንዲቀርቡ የሚጠየቁትም እነዚሁ ቤቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጭንቀት ይኸው ነው።

በአፉላ ቤት ማከራየት ለምን ይመረጣል?

አፉላ በ1925 በይዝራኤል ሸለቆ የተመሠረተች ከተማ ናት። የሸለቆው ሆስፒታል ሀዔሜክ በውስጧ ይገኛል፤ የይዝራኤል ሸለቆ ኮሌጅም ቅርቧ ነው። ነርሶች፣ ተለማማጅ ሐኪሞችና ተማሪዎች ቤት ይከራያሉ። ከ1905 ጀምሮ ከሐይፋ በአፉላ በኩል ወደ ደማስቆ ይሄድ የነበረው ባቡር ከቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ከሐይፋ እስከ ቤት ሼአን የሚሄደው አዲሱ የሸለቆ ባቡር ሥራ ጀመረ። በአፉላ የቤት ዋጋ ከቴል አቪቭ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ከመሀል አገር የሚመጡ ገዢዎችም ለማከራየት ብለው ይገዛሉ።

ሻጮች የሚያነሱት ሌላው ምክንያት የዋጋ ጭማሪ ነው። እርግጥ ነው፣ በእስራኤል ከ2008 እስከ 2022 ድረስ የቤት ዋጋ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ገደማ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ የቤት ዋጋ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲመዛዘን ወደ ታች ሲወርድ ነበር። ስለዚህ ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል የሚል ዋስትና የለም። ደግሞም ዋጋው ቢወጣ እንኳ ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ያ ጭማሪ የወሩን የባንክ ክፍያ አይከፍልም። የላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ዓይነት ሀብት ነው። በየወሩ ሂሳባችሁ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ ለብቻው መታየት አለበት።

ሂሳቡን በወረቀት እንሥራው

ቀጥሎ ያለው ምሳሌ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው፤ ቁጥሮቹን እናንተ በምታዩት ቤት ዋጋ፣ ኪራይና ወለድ ለውጧቸው።

አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት አለው እንበል። በጊቭዓት ሀሞሬ ወይም በአፉላ ዒሊት ባለ 3 ክፍል የቆየ ሺኩን በ900,000 ሽቃል ሊገዛ አስቧል። ኪራዩ በወር 3,000 ሽቃል ነው።

በመጀመሪያ ባንክ ስንት ያበድራል? የእስራኤል ባንክ ከ2012 ወዲህ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ቤት የሌለው ቤተሰብ ለብቸኛ ቤቱ ከዋጋው እስከ 75 ከመቶ መበደር ይችላል፤ ለሁለተኛ፣ ማለት ለኪራይ ለሚገዛ ቤት ግን ከ50 ከመቶ በላይ አይፈቀድም። ስለዚህ ቤተሰቡ 450,000 ሽቃል ይበደራል፤ የቀረውን 450,000 ከራሱ ማምጣት አለበት። ይህ በዕብራይስጥ «ሆን ዓጽሚ» የሚባለው የራስ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ በግዢው ቀን የሚከፈሉ ወጪዎች አሉ፦

– «ማስ ረኺሻ» (የግዢ ግብር)፦ ለሁለተኛ ቤት ከመጀመሪያው ሽቃል ጀምሮ 8 ከመቶ ነው። ይህ ሕግ ከኅዳር 2021 ጀምሮ ይሠራል። በምሳሌያችን 72,000 ሽቃል ይሆናል።
– ደላላ፦ 2 ከመቶ ከተስማሙ 18,000፣ በላዩ 18 ከመቶ ማዓም ተጨምሮ 21,240 ሽቃል።
– ጠበቃ፦ 6,000 ሽቃል እንበል።
– ቀለም፣ የውሃ ቧንቧ፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ (ዱድ ሼሜሽ) እና ሌላ እድሳት፦ 20,000 ሽቃል እንበል።

ሲደመር 119,240 ሽቃል ነው። ከ450,000 ጋር ሲደመር ቤተሰቡ 569,240 ሽቃል፣ ወይም በአጭሩ 570,000 ሽቃል ከራሱ ማቅረብ አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የወሩ ሂሳብ ይመጣል። 450,000 ሽቃል በ25 ዓመት፣ በ5 ከመቶ ወለድ ሲከፈል በወር ወደ 2,630 ሽቃል ይሆናል። ከ3,000 ሽቃል ኪራይ ላይ ይህ ሲቀነስ 370 ሽቃል ይተርፋል። የደላላው ወረቀት እዚህ ላይ ያበቃል። የእናንተ ግን መቀጠል አለበት፦

– ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤቱ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 3,000 ሽቃል ይጎድላል። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 250 ሽቃል ነው።
– ለጥገና በወር 250 ሽቃል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ምንም ላይበላሽ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ዱዱ ይፈነዳል ወይም ጣሪያው ያፈሳል።
– ለቤትና ለሕይወት ኢንሹራንስ በወር 120 ሽቃል እንበል።

ድምሩ 620 ሽቃል ነው። ከ370 ላይ 620 ሲቀነስ በወር 250 ሽቃል ጉድለት ይመጣል። በዓመት 3,000 ሽቃል፣ ማለትም የአንድ ወር ኪራይ ያህል ከደመወዝ ይወጣል። «ተከራዩ ይከፍልልኛል» የተባለው ቤት፣ ዋጋው በግማሽ በራስ ገንዘብ ተከፍሎ እንኳ ራሱን አልቻለም ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ገንዘቡ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ወር ከሚከፈለው 2,630 ሽቃል ውስጥ 1,875 ሽቃል ወለድ ሲሆን 755 ሽቃል ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል። ከዓመት ወደ ዓመት ወለዱ እያነሰ ዕዳው ይበልጥ ይቀንሳል። ቤተሰቡ በእጁ 250 ሽቃል እያጣ በቤቱ ላይ ያለው ድርሻ ያድጋል። ይህ በረጅም ጊዜ ሀብት ነው። ጥያቄው ቤተሰቡ ያን ሀብት እስኪያገኝ ድረስ ጉድለቱን ችሎ መቆየት ይችላል ወይ የሚለው ነው።

የወላጆች ቤት በመያዣነት ሲቀርብ

570,000 ሽቃል በእጁ ያለው ወጣት ቤተሰብ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ሐሳብ «የአባትህ ቤት ዕዳ የለበትም፤ በእሱ ላይ ብድር ውሰድ» የሚል ነው። ባንኩ የወላጆቹን ቤት በ«ሚሽኮን» (በመያዣ) ይዞ ገንዘብ ያበድራል።

ቤተሰቡ 170,000 ሽቃል ቆጥቧል፤ የቀረውን 400,000 በወላጆቹ ቤት መያዣ ተበደረ እንበል። በ20 ዓመት በ5.5 ከመቶ ወለድ ሲከፈል ወርኃዊው ክፍያ ወደ 2,750 ሽቃል ነው። አሁን ሁለት ብድር አለ፦ 2,630 እና 2,750፣ በድምሩ 5,380 ሽቃል። ኪራዩ 3,000 ስለሆነ 2,380 ይጎድላል። በላዩ ለባዶ ወር፣ ለጥገናና ለኢንሹራንስ የተያዘው 620 ሲጨመር ጉድለቱ በትክክል 3,000 ሽቃል ይሆናል።

ኪራዩ 3,000፣ ጉድለቱም 3,000። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ይህን ይከፍሉ ይሆናል። አንዱ ከሥራ ቢወጣ፣ እናት ወልዳ ቤት ብትቀመጥ፣ ወይም አባት በሥራ ላይ ቢጎዳ ግን ክፍያው መቋረጥ ይጀምራል። ባንኩም ወደ «ሆጻኣ ላፖዓል» (የፍርድ አፈጻጸም ቢሮ) ሄዶ በመያዣ የያዘው ቤት እንዲሸጥለት መጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ አደጋ ላይ የሚወድቀው ተከራይ ያለበት ቤት ብቻ አይሆንም፤ ሽማግሌዎቹ የሚኖሩበት ቤትም ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለው አነጋገር ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ወላጆች ለልጆቻቸው እምቢ ማለት እንደሚከብዳቸው እናውቃለን። በባሕላችን ልጅ ሲጠይቅ ያለውን የማይሰጥ ወላጅ የለም። ስለሆነም ኃላፊነቱ በልጆች ላይ ይወድቃል። ወላጆች በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ላይ ከመፈረማቸው በፊት፣ ከብድሩ የማይጠቀም ሌላ ሰው በአማርኛ ቃል በቃል እንዲያነብላቸው ይሁን። ሻጩ፣ ደላላውና ብድሩን የሚያስፈጽመው ሰው አስተርጓሚ ሊሆኑ አይገባም። «ዓሬቭ» (ዋስ) ሆኖ መፈረምም ቢሆን የራስን ደመወዝና ንብረት ማስያዝ እንጂ የአክብሮት ምስክርነት አይደለም።

ወለዱ ሲነቃነቅ

በምሳሌያችን ወለዱን እንደማይለወጥ አድርገን ወሰድን። በተግባር ግን ማሽካንታ የተለያዩ ክፍሎች አሉት። ወለዱ ቋሚ የሆነ ክፍል አለ። በ«ፕራይም» የሚሄድ አለ፤ ፕራይም ማለት የእስራኤል ባንክ ወለድ ሲደመር 1.5 ከመቶ ነው። ከ«ማዳድ» (ከኑሮ ውድነት መለኪያ) ጋር የተያያዘም አለ።

የእስራኤል ባንክ ወለድ በሚያዝያ 2022 መጀመሪያ ላይ 0.1 ከመቶ ነበር። በግንቦት 2023 ወደ 4.75 ከመቶ ደረሰ። ስለዚህ ፕራይም ከ1.6 ወደ 6.25 ከመቶ ወጣ። በዚያ መጀመሪያ ላይ 300,000 ሽቃል በፕራይም ለ25 ዓመት የተበደረ ሰው በወር ወደ 1,215 ሽቃል ይከፍል ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ክፍያው ከ1,900 ሽቃል በላይ ሆነ። የተከራዩ ውል ግን በዚያው ኪራይ የተፈረመ ነው፤ የአከራዩ ብድር ስለተወደደ ኪራዩ በመካከል አይጨምርም።

የማዳዱ ነገር ደግሞ ለየት ያለ ነው። ኑሮ ሲወደድ ዋናው ዕዳ ራሱ ያድጋል። በ2022 ማዳድ 5.3 ከመቶ ጨመረ። በ200,000 ሽቃል ዕዳ ላይ ሲሰላ 10,600 ሽቃል ነው። በየወሩ ሳያቋርጥ የከፈለ ሰው የዓመቱን መጨረሻ ሂሳብ ሲያይ ዕዳው ከአምናው በልጦ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ባንኩ ወረቀቱን ሲሰጣችሁ «ወለዱ በ2 ከመቶ ቢጨምር ክፍያዬ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ በጽሑፍ እንዲሰላላችሁ ጠይቁ። መልሱን የማትችሉት ከሆነ ብድሩ ከአቅማችሁ በላይ ነው።

ተከራይና አከራይ

ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐዊ ኪራይ ሕግ አከራዩ ለመኖሪያ የሚሆን ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። በአከራዩ ላይ የሚወድቅ ብልሽት ሲኖር ተከራዩ ካሳወቀበት ጊዜ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ፣ ለኑሮ የማያስችል አስቸኳይ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። የገንዘብ መያዣም ከሦስት ወር ኪራይ ወይም ከጠቅላላው የኪራይ ዘመን ክፍያ አንድ ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ ሊሆን አይችልም። አርኖና፣ ውሃ፣ መብራትና የተለመደው የቫዓድ ባይት ክፍያ የተከራዩ ነው። ይህ ሕግ ዛሬ ተከራይ የሆናችሁትንም ይጠቅማችኋልና እወቁት።

ተከራይ ኪራይ ቢያቋርጥስ? አከራዩ ቁልፍ ቀይሮ ወይም መብራት ቆርጦ ማስወጣት አይችልም፤ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ለዚህ አጠር ያለ የክስ ሥርዓት ቢኖርም ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ባንኩ ክፍያውን አያቆምም። በዚህ ምክንያት ቢያንስ የስድስት ወር የባንክ ክፍያ በመጠባበቂያ የሌለው ሰው ሁለተኛ ቤት ባይገዛ ይሻላል። በመጀመሪያው ምሳሌያችን ይህ ወደ 15,800 ሽቃል፣ በሁለተኛው ወደ 32,300 ሽቃል ነው።

ቤቱ ራሱም ይመረመር። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሚሠሩ ቤቶች «ማማድ» (የተጠናከረ ክፍል) እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። የቆዩት ሺኩኖች ይህ የላቸውም። በ2006ም በ2024ም ከሰሜን የተተኮሰ ሮኬት ወደ አፉላ አካባቢ ስለደረሰ፣ ልጆች ያሉት ተከራይ አስቀድሞ ስለ ማማድ ይጠይቃል። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅም እንዲሁ ተከራይ ለማግኘት ያስቸግራል።

ገና ያልተሠራ ቤት ከኮንትራክተር መግዛት ሌላ አደጋ አለበት። በነሐሴ 2007 ሔፍጺባ የተባለው የግንባታ ኩባንያ ሲወድቅ በሺህ የሚቆጠሩ ገዢዎች ቤታቸው ሳያልቅ ተጨነቁ። በ1974 የወጣው የሽያጭ ሕግ ኮንትራክተሩ ያለ ዋስትና ከዋጋው 7 ከመቶ በላይ እንዳይቀበል ይከለክላል። የባንክ ዋስትና ወይም በሕግ የተፈቀደ ሌላ ዋስትና በእጃችሁ ሳይገባ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ግብርና የማይታዩ መብቶች

በ2025 ከመኖሪያ ቤት ኪራይ በወር እስከ 5,654 ሽቃል ድረስ የሚያገኝ ግለሰብ ከገቢ ግብር ነጻ የሚሆንበት መንገድ ነበረ። ከዚያ በላይ ያለው ሰው ያለ ምንም ተቀናሽ 10 ከመቶ የመክፈል ምርጫ አለው። ሁለተኛ ቤት ሲሸጥ ግን ከትርፉ ላይ 25 ከመቶ «ማስ ሼቫሕ» ሊኖር ይችላል፤ ይህን ጠበቃ ያሰላላችሁ።

ከግብሩ ይልቅ አዲስ ገቢዎችን የሚጎዳው ሳያውቁ መብት ማጣት ነው። የመንግሥት የኪራይ እርዳታና የመንግሥት ቤት የሚሰጠው ቤት ለሌለው ነው። በስማችሁ ቤት ከተመዘገበ ቤቱን አከራይታችሁ እናንተ በኪራይ ብትኖሩም ባለቤት ናችሁ። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የገቢ ማሟያ የሚያገኙ ሽማግሌዎችና ቤተሰቦችም ሁለተኛ ቤት ወይም የኪራይ ገቢ መብታቸውን ሊነካባቸው ስለሚችል፣ ከመፈረማቸው በፊት ቅርንጫፉን ይጠይቁ። በመንግሥት ስጦታ የተገዛ ቤት ለማከራየት ያሰበም ከሚስራድ ሀክሊታና ከባንኩ የጽሑፍ መልስ ይቀበል።

የ8 ከመቶውን ግብር ለመሸሽ «በልጃችን ስም እንግዛው» የሚሉም አሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚህ ግብር ከወላጆቹ ጋር እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጥቅም የለውም። ከ18 ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ደግሞ ለወላጆቹ ኪራይ በስሙ በተገዛ ቤት ምክንያት፣ ነገ ሲያገባ ቤት ለሌላቸው የሚሰጠውን የማሽካንታ መብት ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ለማን ይሆናል?

ገና ቤት የሌለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ሐሳቡ የሚኖርበት ቤት ይሁን። ብቸኛ ቤት ከሆነ እስከ 1,978,745 ሽቃል ድረስ የግዢ ግብር የለውም፤ የአፉላ ቤቶች ብዙዎቹ ከዚህ በታች ናቸው። ያንኑ የ900,000 ሽቃል ቤት 75 ከመቶ ተበድሮ የሚገዛ ሰው በ25 ዓመትና በ5 ከመቶ ወለድ በወር ወደ 3,950 ሽቃል ይከፍላል። ከኪራዩ 950 ሽቃል ይበልጣል፤ ነገር ግን የሚኖርበት ጣሪያ የራሱ ነው፣ ተከራይ ወጣ አልወጣ ብሎ አይጨነቅም።

የሚኖርበት ቤት ያለውና በእጁ ጥቂት የተረፈው ሰው ሌላም አማራጭ አለው። የራሱን ማሽካንታ ቀድሞ መክፈል ተከራይ፣ ደላላና የግዢ ግብር የሌለበት ትርፍ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀንሰው ወለድ የታወቀ ነው። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለው ብቻ አስቀድሞ ባንኩን ይጠይቅ። በእቁብ የተሰበሰበ ገንዘብም በአንድ ጊዜ ለዚህ ሊውል ይችላል።

ሁለተኛ ቤት የሚስማማው ሁለት የማያወላውል ደመወዝ ላለው፣ ግማሹን ዋጋና የግዢውን ወጪ ያለ ወላጆቹ ቤት መሸፈን ለሚችል፣ የስድስት ወር መጠባበቂያ ላስቀመጠና በየወሩ ጥቂት መቶ ሽቃል ቢጎድል ኑሮው ለማይናጋ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ታግሦ ቢይዘው ለልጆቹ ጥሩ ጥሪት ሊሆን ይችላል።

ከመፈረም በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ከጎናቸው መልስ አስቀምጡ፦

1. የታቡን ወረቀት (ኔሳሕ ታቡ) የራሴ ጠበቃ አይቶታል? በቤቱ ላይ የሌላ ሰው ዕዳ ወይም እገዳ አለ?
2. በዚያው ሕንጻ ውስጥ ሌሎች ተከራዮች ዛሬ በእውነት ስንት ይከፍላሉ? ደላላው የነገረኝን ሳይሆን ራሴ ጠይቄ ያገኘሁት።
3. ባዶ ወር፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ከተቀነሰ በኋላ በወር ስንት ይቀራል ወይስ ስንት ይጎድላል?
4. ወለዱ በ2 ከመቶ ቢጨምርና ቤቱ ሦስት ወር ባዶ ቢቆይ ከየት እከፍላለሁ?
5. ክፍያው ቢቋረጥ ባንኩ የሚወስደው የማንን ቤት ነው?

በአምስተኛው ጥያቄ ላይ የእናታችሁ ወይም የአባታችሁ ስም ከተጻፈ እስክሪብቶውን አስቀምጡና እንደገና አስቡበት። አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ድስቱ ሳይጣድ ነው።

ሰላም ሁኑ።